ኮሽ የሚል ሳምቡሳ በጥቂት ዘይት፦ ኤር ፍራየርና የፎገራ ሩዝ በኢፍጣር ማዕዳችን



ረመዳን ሲገባ በወረታም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን ከዐስር ሶላት በኋላ ጓዳው ሁሉ የጋለ ዘይትና የሳምቡሳ ሽታ ይሸታል። ጾሙ በቴምርና በውሃ ይፈታል፣ ሾርባው ይከተላል፤ ሳምቡሳ የሌለበት ኢፍጣር ግን ለብዙዎቻችን አንድ ነገር የጎደለው ይመስላል። ችግሩ ሳምቡሳው ላይ ሳይሆን ዘይቱ ላይ ነው። የአገራችን የምግብ ዘይት አብዛኛው ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ዋጋው በትንሽ በትልቁ ይንራል። አንዴ የተጠበሰበት ዘይትም «እንዴት ይጣላል?» ተብሎ ለነገ፣ ለተነገ ወዲያ ይቀመጣል። ሠላሳ ቀን እንዲህ ሲታለፍ ኪሳችንም ጤናችንም ይጎዳል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ኤር ፍራየር የሚባለው ዕቃ ወደ ቤታችን መግባት ጀምሯል። አንዳንዱ ከዓረብ አገር በዘመድ የተላከ ነው፣ አንዳንዱም ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ የተገዛ። ይሁንና ከእህቶቻችን የምንሰማው ስሞታ ተመሳሳይ ነው፦ «ሳምቡሳው ገረጣ፤ እንደ ቆዳ ጠነከረ፤ የዘይቱን ያህል አልሆነም» ይላሉ። ከዚያ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ይወጣል፣ የዘይት ድስቱም ይመለሳል።

እኛ እንደምናየው ጥፋቱ የዕቃውም የባለሙያዋም አይደለም። ለዘይት የተዘጋጀን ሳምቡሳ በአየር ለመጥበስ መሞከራችን ነው። ሊጡም መሙያውም በጥቂቱ ከተለወጠ ውጤቱ ይለወጣል። ለዚህ የሚያስፈልገው ደግሞ በእጃችን ያለው የፎገራ ሩዝና ሽንኩርት ነው።

ኮሽ የሚያደርገው ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ሳምቡሳን ኮሽ የሚያደርገው ዘይቱ ይመስለናል። ኮሽ የሚያደርገው ግን የውሃ መውጣት ነው። ሊጥ ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከውሃ መፍያ በላይ ብዙ አይወጣም፤ ሊጡም ለስላሳ እንደሆነ ይቆያል። የላይኛው ውሃ ተንኖ ሲያልቅ ሙቀቱ ያሻቅባል፣ ሊጡ ይደርቃል፤ ወደ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ደግሞ ወርቃማውን ቀለምና ያንን የምንወደውን ሽታ ያመጣል።

የዘይት ሥራ ሙቀትን ማድረስ ነው። ከ170 እስከ 190 ዲግሪ የጋለ ዘይት ሳምቡሳውን ከሁሉም አቅጣጫ ስለሚነካው ውሃውን በደቂቃዎች ውስጥ ያስወጣል። ኤር ፍራየር ይህንኑ የሚሠራው በአየር ነው። ስሙ መጥበሻ ቢሆንም በውስጡ ማሞቂያና ጠንካራ ማራገቢያ ያለው ትንሽ ምድጃ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የኔዘርላንዱ ፊሊፕስ ኩባንያ በዚህ ስም ለገበያ ካቀረበው በኋላ በዓለም ተስፋፋ።

አየር ሙቀትን እንደ ዘይት ፈጥኖ አያደርስም። ስለዚህ ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ ሊጡ ስስ መሆን፣ መሙያው ደረቅ መሆን፣ የሳምቡሳው ውጫዊ ገጽ ደግሞ በስሱ ዘይት መቀባት። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ያለ ምንም ዘይት የገባ ሊጥ ነጭ ዱቄት ለብሶ ይወጣል፤ የሚገረጣውም የሚጠነክረውም ለዚህ ነው።

የፎገራ ሩዝ እዚህ ምን ይሠራል?

ሩዝ በፎገራ ሜዳ የተስፋፋው ከደርግ ዘመን ወዲህ ነው። በርብና በጉማራ ወንዞች መካከል ክረምት ውሃ የሚተኛበት ጥቁር አፈር ለሌላ ሰብል አስቸጋሪ ነበር፤ ለሩዝ ግን ተመቸ። ዛሬ የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሚገኘው በዚሁ በወረታ ነው። ኤክስ-ጅግና የሚባለውን ዝርያ የማያውቅ ገበሬ በአካባቢው አይገኝም። ሩዙን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ መጋገርም የተለመደ ሆኗል።

ለሳምቡሳ የሚጠቅመን ባሕርዩ ይህ ነው፦ የስንዴ ዱቄት ሲቦካ እንዲለጠጥ የሚያደርገው ግሉተን በሩዝ ውስጥ የለም። ግሉተን ሊጡን ያያይዛል፤ ሲበዛና ሲደርቅ ግን እንደ ቆዳ ያጠነክረዋል። ጥቂት የሩዝ ዱቄት ሲቀላቀል ሊጡ ሲጠበስ ይሰባበራል፣ በጥርስም ኮሽ ይላል። ሩዙ ብቻውን ከሆነ ግን ሊጡ ሲዳመጥ ይቀደዳል። ስለዚህ ሦስት እጅ የፉርኖ ዱቄት ለአንድ እጅ የሩዝ ዱቄት ጥሩ ልክ ነው። ለዱቄት ሙሉ ፍሬ ሩዝ ማስፈጨት አያስፈልግም፤ በርካሽ የሚሸጠው የተሰባበረ ሩዝ ታጥቦና ደርቆ ቢፈጭ ይበቃል።

ሊጡ

ለ25 ሳምቡሳ ገደማ የሚሆን፦ 3 ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ 1 ኩባያ በደንብ የላመ የሩዝ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት እና ለብ ያለ ውሃ።

ዘይቱን መጀመሪያ ከዱቄቱ ጋር በእጅ አሽተን እናዋህዳለን። ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ ጨምረን፣ በእጅ የማይጣበቅ ጠንከር ያለ ሊጥ እስኪሆን እናሻለን። አንድ ኩባያ ከሩብ ገደማ ውሃ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሸፍነን 30 ደቂቃ እናሳርፈው፤ የሩዝ ዱቄት ውሃ ለመጠጣት ጊዜ ይፈልጋል።

ከዚያ ሊጡን በትንንሹ ድቡልቡል አድርገን፣ ሁለቱን በመካከል ዘይት ቀብተን አንዱን በአንዱ ላይ እናስቀምጥና በስሱ እንዳምጣለን። በጋለ ምጣድ ላይ በእያንዳንዱ ጎን ጥቂት ሰከንድ ብቻ አሳርፈን ሁለቱን እናላቅቃለን። ይህ ባለሙያዎቻችን የሚያውቁት የቆየ ዘዴ ነው፤ ለኤር ፍራየር ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል፤ ሊጡ ከመጠበሱ በፊት የተወሰነ ውሃውን ስለሚያጣ። የተላቀቀውን ቆርጠን እንዳይደርቅ በንጹሕ ጨርቅ እንሸፍነው።

መሙያው

አንድ ኩባያ ተኩል ድፍን ምስር፣ 4 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ 3 ቃሪያ፣ 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ጥቂት የተፈጨ ድንብላልና ከሙን።

ምስሩ መብሰል ያለበት ሳይፈርስ ነው። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ በቆላ አገር የተጻፈ አሠራር «20 ደቂቃ» ካለ እኛ ጋ ጥቂት ይረዝማል፤ ሰዓቱን ትተን በጣት ጨምቀን እንፈትነው። ሲበስል በወንፊት አጥልለን ትሪ ላይ ዘርግተን እናቀዝቅዘው።

በዘይት ለሚጠበስ ሳምቡሳ ብዙ ሰው ሽንኩርቱን ጥሬውን ይጨምራል። በኤር ፍራየር ግን ጥሬ ሽንኩርት ውሃውን ወደ ሊጡ ይለቅና ሳምቡሳውን ከውስጥ ያረጥበዋል። ስለዚህ በ2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ውሃው እስኪመጥ ቁሌት እናድርገው፤ ነጭ ሽንኩርቱንና ቅመሙን ጨምረን፣ ከምስሩ ጋር ቀላቅለን፣ ቃሪያውን በመጨረሻ እንጨምር። በእነዚህ ዓመታት ረመዳን የሚውለው በበጋ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ለምሳሌ የገባው የካቲት 22 ቀን ነበር። ይህ ደግሞ የፎገራ የመስኖ ሽንኩርት የሚደርስበት ወቅት ስለሆነ ሽንኩርት መቆጠብ አያስፈልገንም።

መሙያው ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ ሊጡ ውስጥ አይግባ። ትኩስ መሙያ እንፋሎት ይፈጥራል፤ እንፋሎት ደግሞ ሊጡን ይቀዳል። ጠርዙን በዱቄትና በውሃ ሙጫ አጥብቀን እንዝጋው።

አጠባበሱ

1. ዕቃውን በ180 ዲግሪ 3 ደቂቃ ባዶውን እናሙቀው።
2. የሳምቡሳውን ሁለቱንም ጎን በብሩሽ ወይም በጣት ዘይት እንቀባው። ለ10 ሳምቡሳ 1 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል።
3. ሳይነካኩ በአንድ ረድፍ እንደርድራቸው። ከተደራረቡ አየሩ አያልፍም፤ የተነካካው ቦታ ሊጥ ሆኖ ይቀራል።
4. በ180 ዲግሪ 8 ደቂቃ፤ ገልብጠን ደግሞ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ። ዕቃ ከዕቃ ስለሚለያይ በመጀመሪያው ዙር እየከፈትን እንየው።
5. ሲወጣ ትኩሱን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ከምረን ክዳን አንድፋበት። የራሱ እንፋሎት መልሶ ያለሰልሰዋል። ንጹሕ ሰፌድ ላይ ዘርግተን እንተወው፤ በስፌቱ መካከል አየር ስለሚያልፍ ኮሽታው ይቆያል።

ለ25 ሳምቡሳ ለሊጡ፣ ለቁሌቱና ለመቀቢያው ሁሉ የሚወጣው ዘይት ከ8 የሾርባ ማንኪያ ብዙም አይበልጥም፤ ይህም 120 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በድስት ለመጥበስ ግን ገና ሲጀመር ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ዘይት መጋል አለበት።

ከሳምቡሳ ሌላ

የሩዝ ኩትሌት፦ የፎገራ ሩዝ ሲበስል ስለሚያያዝ ለዚህ ይመቻል። 3 ኩባያ የበሰለ ሩዝ፣ 1 ኩባያ ተቀቅሎ የተፈጨ ድንች፣ ቁሌት፣ ቃሪያና ጨው ቀላቅለን ጠፍጣፋ አድርገን እንሥራው። የሩዝ ዱቄት አልብሰን፣ ዘይት ቀብተን፣ በ190 ዲግሪ 15 ደቂቃ ያህል እንጥበሰው፤ በመሐል አንዴ እንገልብጠው። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ የበሰለ ሩዝ ከማቀዝቀዣ ውጭ ካደረ ሆድ የሚያሳምም መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊራባበት ይችላል፤ ይህ መርዝ እንደገና ቢሞቅም አይጠፋም። ስለዚህ ውጭ ያደረ ሩዝ ለኢፍጣር አይሁን።

ድንች፦ በጣት ውፍረት ቆርጠን 30 ደቂቃ ውሃ ውስጥ እንዘፍዝፈው፤ በጨርቅ አድርቀን፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ቀብተን፣ በ180 ዲግሪ 20 ደቂቃ ያህል እያናወጥን እንጥበሰው። ወርቃማ ሲሆን ይውጣ፤ ቡናማ አይሁን። በ2002 እ.ኤ.አ. የስዊድን ተመራማሪዎች እንዳሳወቁት፣ ድንችና ሌላ ስታርች ያለው ምግብ በከፍተኛ ሙቀት ሲጠቁር አክሪላማይድ የሚባል ጎጂ ንጥረ ነገር ይፈጠርበታል። ኤር ፍራየርም ከዚህ ነጻ አይደለም።

ባጂያ ግን ለዚህ ዕቃ አይሆንም። ፈሳሽ ሊጥ ስለሆነ ሳይጠነክር በቅርጫቱ ቀዳዳ ይንጠባጠባል። ዘይት ወዶ የተፈጠረ ምግብ ነውና ለዘይቱ እንተውለት።

ስለ መብራት

አብዛኛው ኤር ፍራየር 1,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። ለ15 ደቂቃ ዙር 0.4 ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞላም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን 3,500 ዋት አካባቢ ስለሚወስድ ሁለቱን በአንድ ማከፋፈያ ላይ አንሰካ፤ ገመዱ ይግላል፣ ቆጣሪውም ሊዘጋ ይችላል።

መብራት በመግሪብ ሰዓት ሊጠፋ እንደሚችል የምናውቀው ነው። መፍትሔው ሳምቡሳውን በዐስር ጊዜ 9 ደቂቃ ገደማ ጠብሶ ማቆየት፣ ከአዛን በፊት 4 ደቂቃ ማሟላት ነው። መብራቱ ከጠፋም ሳምቡሳው አስቀድሞ ዘይት የተቀባ ስለሆነ በከሰል ላይ በተጣደ ምጣድ እየገለበጥን መጨረስ እንችላለን። ዕቃው የሌላቸውም ቤተሰቦች በዚሁ መንገድ በምጣድ ወይም በዳቦ ምድጃ መሥራት ይችላሉ፤ ሊጡና መሙያው ያው ነው።

ለብዙ ሰው ሲሆን

በአንድ ዙር 8 ወይም 10 ሳምቡሳ የሚይዝ ዕቃ ለስድስት ቤተሰብ ይበቃል። ለመስጂድ ኢፍጣር 60 ሳምቡሳ ለማውጣት ግን ከስድስት እስከ ስምንት ዙር፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈልጋል። በመንገድ ዳር ሳምቡሳ ጠብሰው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እህቶቻችንንም «ድስቱን ጣሉ» አንልም። ለእነርሱ የሚጠቅመው የዘይቱ አያያዝ ነው፦ ከሥራ በኋላ ሲቀዘቅዝ በጨርቅ አጥልሎ ከብርሃን ርቆ መክደን፣ በአሮጌው ላይ አዲስ ዘይት እየደረቡ አለማራዘም፣ ሲጠቁር፣ አረፋ ሲያበዛ ወይም ቶሎ ሲጨስ ደግሞ ማስወገድ። እኛ ገዢዎችም የጠቆረ ዘይት ያየን እንደሆነ በጨዋ ቃል እንንገር፤ ንጹሕ ዘይት የምትጠቀመዋን ደግሞ ጥቂት ብር ቢጨምርብንም እንደግፋት።

በቤታችን ግን የምንችለው ሰፊ ነው። ኢስራፍን የከለከለ ዲን ተከታዮች ነን፤ የኢፍጣር ማዕድ ደግሞ ቁጠባ ለመጀመር መልካም ቦታ ነው። በዘይቱ ከሚተርፈው ለጎረቤት ጾመኛ አንድ ሳህን ሳምቡሳ መላክ ቢቻል፣ ኮሽታው ከአንድ ቤት አልፎ ይሰማል።

አላህ ጾማችንን፣ ሶላታችንንና ሰደቃችንን ይቀበለን፤ ማዕዳችንንም በበረካ ይሙላልን። አሚን።