በገበያ ቀን የሚጫነው ሜሞሪ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት የቀወት ገበሬ ሽንኩርቱንና ማሾውን የሚሸጥባት ከተማ ናት። ገበያተኛው ወደ ቀዬው ሲመለስ ጨውና ስኳር ብቻ ሳይሆን፣ በስልኩ ሜሞሪ ያስጫነውን ዘፈንና ድራማም ይዞ ይገባል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየበት ጊዜ፣ ኔትወርክ የማይጠይቀው ሜሞሪ ጥቅሙ ይበልጥ ጎላ።

ይሁን እንጂ ሥራው እንከን አለበት። ለጫኙ የሚከፈለው ብር ለዘፋኙም ለደራሲውም አይደርስም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያለ ባለመብቱ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥን ይከለክላል። ላቡን ደላላ የበላበት ገበሬም የዘፋኙን ቅሬታ ለመረዳት አይቸገርም።

ሌላው እንከን፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚገለበጥ ድምፅ ተናጋሪው ማን እንደሆነ አለመታወቁ ነው። ስለ ፀረ ተባይ መድኃኒት መጠን በስህተት የተነገረ አንድ ቃል የመስኖ ሽንኩርትን ሊያጠፋ ይችላል።

ኢንተርኔት ሲጠፋም ቢሆን ሕጋዊ መንገድ አይታጣም። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. የጀመረው የ8028 ነፃ የስልክ መስመር የተዘረጋው፣ የተቀዳ የግብርና ምክር በተራ የስልክ ጥሪ እንዲሰማ ሆኖ ነው።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጋር ተመካክረው፣ ባለቤቱ እንዲባዛ የፈቀደውን የግብርና ትምህርት ለሜሞሪ ጫኞች ቢያቀርቡ፣ መንገዱ ሳይዘጋ ጭነቱ ይስተካከላል።