ስለ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖና ስለ ሙዚቃ አገራዊነት

አንድ የሙዚቃ ደራሲ የየትኛው አገር ሰው እንደ ሆነ ከድርሰቱ የሚታወቀው በምንድን ነው? በአውሮፓ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከሕዝብ ዘፈንና ጭፈራ የተገኘ ነው። ሾፓን በፓሪስ በስደት ተቀምጦ የፖላንድን ማዙርካ ለፒያኖ ደረሰ፤ ከእርሱም በኋላ ባርቶክና ኮዳይ በሀንጋሪ መንደሮች እየዞሩ የገበሬውን ዜማ ሰበሰቡ። በጎንደር ግን መልሱ የመጣው ከቤተ ክርስቲያን ነው።

እማሆይ ጽጌ ማርያም የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ሲሆኑ፥ በ1923 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአዲስ አበባ ተወለዱ። በስድስት ዓመታቸው ወደ ስዊስ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ፤ ከጠላት ወረራ በኋላም በካይሮ ከፖላንዳዊው የቫዮሊን ሊቅ ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ጆሯቸውም ጣታቸውም የሠለጠነው በሞዛርት፥ በቤትሆቨንና በሾፓን ነው። በኋላ መንነው በግሸን ማርያም ዐሥር ዓመት ያህል ተቀመጡ፤ ግሸን ያለችበት አምባሰል ከአራቱ ቅኝቶች ለአንዱ ስሙን የሰጠ አገር መሆኑን ልብ ይሏል። በ1960ዎቹ ዓመታት ደግሞ በጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ።

ችግሩ የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። የያሬድ ዜማ በግዕዝ፥ በዕዝልና በአራራይ ሲዜም፥ ድፋት፥ ሂደት፥ ጭረትና ርክርክ የሚባሉት ምልክቶች የሚያስታውቁት የድምፁን አካሄድ እንጂ ተለይቶ የቆመ አንድ ድምፅ አይደለም። ፒያኖ ግን ድምፆቹ አስቀድመው የተቆረጡ ናቸው፤ መሲንቆ መቺ ጣቱን በጭራው ላይ እያንሸራተተ የሚያገኘውን በሁለት ቁልፎች መካከል ያለ ድምፅ ፒያኖ ሊሰጥ አይችልም። እማሆይ ይህን የተወጡት ከዋናው ድምፅ በፊት አጫጭር ድምፆችን ፈጠን አድርገው በመንካት፥ ምቱንም እንደ ዜመኛ ትንፋሽ አንዴ በማስረዘም አንዴ በማሳጠር ነው። በግራ እጃቸው የአውሮፓ ቫልስ የሚመስል አጀብ ይሰማል፤ በቀኙ ግን ቅኝቱና ዜማው ይሄዳል። ሥራቸውን የሾፓን ቅጂ አድርገው የሚቈጥሩ ሰዎች የሰሙት ግራውን እጅ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሾፓን በማዙርካው የወገኑን ጭፈራ ሲያስታውስ፥ እማሆይ ያስገቡት የአዜያየሙን ሥርዐት ነው፤ ይህም ከጭፈራ ምት ይልቅ ወደ ፒያኖ ለማምጣት የሚያስቸግር ነገር ነው።

በጎንደር ሳሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ፥ ትምህርት ፍለጋ ከሩቅ መጥተው በደጀ ሰላሙ የሚያድሩ ችግረኛ ተማሪዎችን ያዩ ነበር። የሚሰጡት ገንዘብ ስላልነበራቸው በሙዚቃቸው ሊረዱ ወሰኑ፤ በ1967 በጀርመን አገር የመጀመሪያውን ሸክላ ያስቀረጹትም ገቢው ለችግረኞች ልጆች እንዲውል ነው። ከ1984 ጀምሮ በኢየሩሳሌም ገዳም ኖረው፥ በ2023 በ99 ዓመታቸው በዚያው ዐረፉ።