የሚበተኑት ሰባቱ ከዋክብት

በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽቶች ወደ ሰማይ የሚያንጋጥጥ ሰው፣ ሠውር ወይም ታውረስ በሚባለው የከዋክብት ምድብ ውስጥ እጅብ ያለ የከዋክብት ዘለላ ይመለከታል። ሰባቱ ከዋክብት ይባሉ እንጂ የአብዛኛው ሰው ዓይን የሚለየው ስድስቱን ብቻ ነው። በቦረና አያንቱ የሚባሉት ዘመን ቆጣሪዎች ጨረቃ ከዚህ ዘለላና ከሌሎች ጥቂት ከዋክብት አንጻር የምትገኝበትን ሥፍራ እያዩ ወራትን ይለያሉ።

የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ፕሌያዲስ የሚሉት ይህ ዘለላ ከምድር 440 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። ከ1,000 በላይ ከዋክብትን ያቀፈ ሲሆን፣ ዕድሜው ከ100 ሚሊዮን ዓመት ብዙም አይዘልም። ሲወለድ ዳይኖሰሮች በምድር ላይ ይመላለሱ ነበር፤ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ካስቆጠረችው ፀሐይ አንጻር ግን ገና ጨቅላ ነው።

እነዚህ ከዋክብት የተገኙት ከአንድ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። አንድ ላይ ያቆያቸው የእርስ በርስ ስበታቸው ቢሆንም ማሰሪያው ጽኑ አይደለም። ከእንዲህ ዓይነቱ ደመና ወደ ኮከብነት የሚለወጠው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ ቀሪውን ጋዝ የግዙፎቹ ከዋክብት ጨረርና ነፋስ ጠርጎ ያስወጣዋል። ጋዙ ሲሄድ ስበቱም አብሮ ይቀንሳል። በርካታ ዘለላዎች ገና በለጋነታቸው የሚፈርሱትም በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ የተረፉትም ቢሆኑ አይዘልቁም። ሁለት ከዋክብት ተቀራርበው ሲተላለፉ ጉልበት ይለዋወጣሉ፤ ከባዱ ወደ መሃል ሲያዘግም ቀላሉ ፍጥነት ጨምሮ ወደ ዳር ይገፋል። ዳር የደረሰውን ደግሞ የጋላክሲያችን የፍኖተ ሐሊብ ስበት ይነጥቀዋል። ወደ ጋላክሲው መሃል ያመለጠው ኮከብ ቀድሞ ይሄዳል፣ ወደ ውጭ ያመለጠው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ዘለላውም በሁለት አቅጣጫ ረጅም ጭራ ያወጣል። በ150 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ የሚገኘውና በዕድሜ የሚበልጠው የሃያዲስ ዘለላ እንዲህ ያለ ጭራ እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2019 በጋያ መንኮራኩር መረጃ ታይቷል።

ፕሌያዲስም ከ250 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ተበትኖ እንደሚያልቅ ይገመታል። መበተኑ ግን ከወዲሁ ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 የታተመ የአሜሪካው የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ዘለላው ቀድሞ ከሚታሰበው 20 እጥፍ ያህል በሚሰፋ የሰማይ ክልል የተዘረጉ ከ3,000 በላይ ዘመዶች እንዳሉት አመልክቷል። የተለዩበት ዘዴ ቀላል ይመስላል፦ ወጣት ኮከብ በራሱ ዛቢያ ፈጥኖ ይሽከረከራል፣ ሲያረጅ ይዘገያል። ስለዚህ አብረው የሚጓዙና ለአንድ ዕድሜ የሚስማማ ሽክርክሪት ያላቸው ከዋክብት፣ ምንም ያህል ቢራራቁ፣ የአንድ ደመና ልጆች ሳይሆኑ አይቀሩም።

ፀሐይም የተወለደችው በእንዲህ ያለ ዘለላ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ወዲህ ጋላክሲውን 20 ጊዜ ያህል ስለዞረች እኅቶቿን በጉዞ አቅጣጫቸው ብቻ መለየት እጅግ ያዳግታል፤ ተመራማሪዎች የሚፈልጉት በኬሚካዊ ይዘትና በዕድሜ የሚመስሏትን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ለዚህ ዝምድና የታጨው ኮከብ በ110 የብርሃን ዓመት ርቀት፣ ሄርኩለስ በተባለው የከዋክብት ምድብ ውስጥ ይገኛል። በባዶ ዓይን አይታይም፤ ተራ ባይኖኩላር ግን ይበቃዋል።