የዘለለ ሁሉ የአንድ ዘር አይደለም

በላይ ጋይንት፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ የገብስ ነዶ ሲነሳ ከሥሩ ተፈናጥራ የምትወጣ አይጥ ያላየ ገበሬ አይገኝም። አንዳንዱ ሰው ይህችን አይጥ ከቤቷ አይጥ ለይቶ «ዘላይዋ» ይላታል፤ ዘሯም ሌላ ይመስለዋል። ነገር ግን የደነገጠች አይጥ ሁሉ ትዘላለች። መዝለል ለብቻው ዘር አይለይም።

መዝለልን ኑሮው ያደረገው አይጥ ጀርቦአ የሚባለው ነው። አገሩ የጉና ተራራ ደጋ ሳይሆን ከሰሜን አፍሪካ በዐረቢያ በኩል እስከ ሞንጎሊያ የተዘረጋው በረሃ ነው። የኋላ እግሩ ከፊተኛው በብዙ እጥፍ ይረዝማል፤ የእግሩ መካከለኛ አጥንቶች እንደ ወፍ እግር አጥንት ተጋጥመው አንድ ሆነዋል። ጫፉ ጎፈር ያለው ረጅም ጅራቱ ሚዛኑን ይጠብቅለታል። ቀኑን ጉድጓዱ ውስጥ ያሳልፋል፤ ውሃውንም በአብዛኛው ከሚበላው ያገኛል።

በሁለት እግሩ ስለሚዘል ብዙዎች የካንጋሮ ዘመድ ያደርጉታል። ካንጋሮ ግን ልጁን በከረጢት የሚያሳድግ ሌላ ወገን ነው። የሰሜን አሜሪካው «ካንጋሮ አይጥ» እንኳ ከጀርቦአ ይልቅ ለቢቨር ይቀርባል። በኬንያና በታንዛኒያ ሜዳ የሚዘለው ጥንቸል መሰል አይጥም ከሁለቱ የተለየ ሌላ ቤተሰብ ነው። ደረቅና ገላጣ ምድር፣ ከላይ ጉጉት፣ ከታች ቀበሮ ያለበት ኑሮ በየአህጉሩ ተመሳሳይ እግር አበጀ እንጂ ዘር አላገናኛቸውም።

በዚህ ጉዳይ የተሳሳተው ተራው ሰው ብቻ አልነበረም። በ17ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዊው ሊቅ ሳሙኤል ቦሻር በኦሪት ዘሌዋውያን ከማይበሉት ጋር የተቆጠረውን አንዱን እንስሳ ጀርቦአ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግን በአገራችን ሽኮኮን በዓይኑ አየ። በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ አምስተኛ ቅጽ ሽኮኮንና ጀርቦአን ለየብቻ በሥዕል አሳይቶ፣ የኦሪቱ እንስሳ ሽኮኮ ነው ሲል ሞገተ። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም ሽኮኮ ይለዋል። አንዱን ከሌላው ለመለየት የበጌምድርን ገደል ማየት ከአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት የበለጠ ጠቅሟል ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ ሽኮኮ ራሱ የአይጥ ወገን ነው? አይደለም። አለት ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው የጣቶቹ ጥፍር እንደ ሰኮና ድፍን መሆኑን ያስተውላል። አይጥ በሦስት ሳምንት ስትወልድ ሽኮኮ ከሰባት ወር በላይ ታረግዛለች። የቅርብ ዘመዷ ዝሆን ነው። ጥንቸልም ከአይጥ ትለያለች፤ ከላይኛው የፊት ጥርሶቿ ጀርባ ሌላ ጥንድ ትንንሽ ጥርስ አላት። ጃርት ግን ጋሻ የሚሆነው እሾህ ቢሸከምም ጥርሱ የአይጥ ወገን መሆኑን ይመሰክርበታል፤ ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት፣ ዕድሜ ልካቸውን የሚያድጉ የፊት ጥርሶች።

ፍልፈል ዕውር ነው መባሉም ልክ አይደለም። ዓይኑ ትንሽ ነው እንጂ ያያል፤ አፈሩንም የሚቆፍረው በጥርሱ ነው። ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን፣ ናሙናው የተገኘው እዚሁ ጎንደር፣ ደምቢያ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የምትበደለው ግን አፈ ሹሏ፣ ጠረኗ የሚከረፋው ትንሽ እንስሳ ናት። የአይጥ ግልገል እየመሰለች በየማሳው ትገደላለች። እሷ እህል አትነካም። ምግቧ ጥንዚዛ፣ ትልና ሌላ ነፍሳት ነው፤ ማለትም የገበሬው ረዳት ናት። መርዝ ሲበተን ግን ማን እህል በላ፣ ማን ተባይ በላ ተብሎ አይለይም፤ አይጥ የሚያድነው ጉጉትና ድመትም የተመረዘውን በልተው ሊጎዱ ይችላሉ።

ስለዚህ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬዎች ሆይ፣ መርዝ ከመበተናችሁ በፊት የሞተውን አንሥታችሁ አፉን ክፈቱ። ከፊት አራት ረጃጅም ጥርስ ካላያችሁ የገደላችሁት አይጥ አይደለም።