ለትንሽ ልጅ ማታ ማታ ምን እናንብብ?

ምግብ ቤቴ ካምደን ውስጥ፣ ወደ ኬንቲሽ ታውን ጠጋ ብሎ ነው። አመሻሹ ላይ፣ ቤቱ ገና ሳይሞላ፣ ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ይመጣሉ። ልጆቹን አብልተው ቶሎ ሊያስተኟቸው ስለሚፈልጉ ነው። ሒሳብ መክፈያው አጠገብ የልጆች መጻሕፍት የያዘ ቅርጫት አለ። እሱን ያዩ እናቶች ይጠይቁኛል፦ «እትዬ፣ ለዚህች ልጅ ማታ ማታ ምን ላንብብላት? የአማርኛ መጽሐፍስ ከየት ይገኛል?» አባቶችም ይጠይቃሉ፤ እነሱ ግን ኮታቸውን ለብሰው ሊወጡ ሲሉ ነው።

እኔ መምህር አይደለሁም። ኮሌጅ ትንሽ ተምሬ ወደ ድስቱ ነው የሄድኩት። ግን ልጆቼን ያሳደግኩት እዚሁ ለንደን ነው። አሁን ደግሞ ሰኞ ሰኞ፣ ምግብ ቤቱ ሲዘጋ፣ የሁለት ዓመት ከሦስት ወር የልጅ ልጄን የማስተኛው እኔ ነኝ፤ እናቱ የሌሊት ተረኛ ናት። ለሚጠይቁኝ የምሰጠው መልስ አጭር ነው፦ መጽሐፉ በየትኛውም ቋንቋ ይጻፍ፣ እናንተ አፋችሁን በፈታችሁበት ቋንቋ አንብቡት።

ነገሩ ቀላል አይደለም እኮ። ልጆቻችን ነርሰሪ ሲገቡ ቀኑ በሙሉ እንግሊዝኛ ነው። ማታ ራት፣ ገላ መታጠብ፣ መኝታ። ለአማርኛ የቀረችው ሰዓት ያቺ ብቻ ናት። እሷንም ከለቀቅናት፣ ልጁ አምስት ዓመት ሲሞላው አዲስ አበባ ያለች አያቱ ስትደውል «ሃይ» ብሎ ስልኩን ለእናቱ ይመልሳል። ይህን ያላየ ቤት ያለ አይመስለኝም። አንዲት ደንበኛዬ ልጇ አፉን ለመፍታት ስለዘገየ «ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት» ተብላ እያለቀሰች መጥታ ነበር። የብሪታንያ የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች ሮያል ኮሌጅ የሚመክረው ግን ተቃራኒውን ነው፦ ወላጆች በገዛ ቋንቋቸው ያውሩ፤ ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር ችግር አያመጣም።

ወደ መጽሐፉ እንምጣ። ለሁለት ዓመት ልጅ ገጹ ወፍራም ካርቶን ይሁን፤ ስስ ወረቀት ሦስት ቀን አይቆይም። በአንድ ገጽ አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ሥዕሉ ልጁ በጣቱ የሚጠቁመው ነገር ይኑረው፦ ውሻ፣ ጫማ፣ ጨረቃ። ባትሪ ያለው፣ ሲጫኑት የሚጮኸው መጽሐፍ ለቀን ነው፤ ማታ ጨርሶ ያነቃዋል። ደግሞ እናንተን የማይሰለቻችሁ ይሁን፣ ምክንያቱም መቶ ጊዜ ታነቡታላችሁ። እያጋነንኩ አይደለም። ልጅ ያንኑ መጽሐፍ «ድገሚ» የሚለው ቀጥሎ የሚመጣውን ስለሚያውቅ ነው፤ ማወቁ ደስ ይለዋል፣ ያረጋጋዋል። ቃሉም ጭንቅላቱ ውስጥ የሚቀረው በድግግሞሽ ነው። ስለዚህ አዲስ ስትገዙ አሮጌውን አትደብቁበት።

የፊደል ገበታስ? ብዙ ሰው ለሁለት ዓመት ልጅ መጀመሪያ የሚገዛው እሱን ነው። ግድግዳ ላይ ይሰቀል፣ ያምራል። ግን 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ በዚህ ልጅ አይተኛም። (እኔ ትምህርት ቤት ውስጥ እንቅልፍ ወስዶኛል፣ ያ ሌላ ነገር ነው።)

በየቻሪቲ ሾፑ በአንድ ሁለት ፓውንድ ከሚገኙት የእንግሊዝኛ መጻሕፍት መካከል በአማርኛ ለመተረክ የሚመቹ አሉ። ኤሪክ ካርል በ1969 ያወጣው፣ የተራበው አባጨጓሬ ታሪክ አንዱ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አባጨጓሬው ሰኞ አንድ ፍሬ፣ ማክሰኞ ሁለት፣ እያለ እስከ ዓርብ አምስት ይበላል። የሳምንቱን ቀኖችና ቁጥርን በአማርኛ ለማስለመድ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ቅዳሜ ዕለት ኬክ፣ አይስክሬም፣ ቺዝ፣ ሳላሚ እያለ ሲያግበሰብስ ውሎ ሆዱን ይቆርጠዋል። እኛ ቤት ቅዳሜ የሚበላው ዶሮ ወጥ፣ ጥብስና አምባሻ ነው። ሆዱን መቁረጡ ግን አልቀረለትም።

እኔ አብዝቼ የምወደው ግን ጁዲት ከር በ1968 ያሳተመችውን፣ ሻይ ሊጠጣ የመጣውን ነብር ታሪክ ነው። እናትና ልጅ ቤት ተቀምጠው ሳለ በር ይንኳኳል። ነብር ነው። ይገባል፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ ይበላል፣ ፍሪጁን ያራቁታል፣ የቧንቧውን ውኃ ሳይቀር ጠጥቶ ይሄዳል። ማንም አይቆጣውም። ይሄ የእንግሊዝ መጽሐፍ ነው ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ ሳይጠራ የመጣ እንግዳ ቁጭ ብሎ የሚበላበት ቤት የእኛ ቤት ነው። እኔ ስተርከው ነብሩ የሚደርሰው ቡና ሲፈላ ነው። እናትየዋ «ብላ እንጂ፣ በሞቴ!» ትለዋለች። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ ፈንዲሻውን ይጨርሳል። (የእኛ አገር ነብር ባለ ነጠብጣብ ነው፣ የመጽሐፉ ባለ መስመር። ይህን ለሁለት ዓመት ልጅ ማብራራት አያስፈልግም።) የልጅ ልጄ «በሞቴ» የሚለውን ቃል የተማረው ከነብሩ ነው፤ አሁን ብስኩቱን ሲያካፍለኝ እኔንም ይለኛል። በመጨረሻ ቤት ውስጥ የሚበላ ስለጠፋ አባትየው ቤተሰቡን ይዞ ውጪ ራት ይጋብዛል። እንደ ምግብ ቤት ባለቤት ይህ አጨራረስ በጣም ይስማማኛል።

ጁዲት ከር ራሷ ስደተኛ ነበረች። በ1923 በርሊን ተወለደች፤ በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከቤተሰቧ ጋር ሸሽታ፣ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ በኩል በ1936 እንግሊዝ ገባች። አፏን የፈታችው በጀርመንኛ ነው። የነብሩንም ታሪክ መጀመሪያ በቃሏ ነው ለትንሽ ልጇ የነገረቻት፤ መጽሐፍ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያው በ1923 የተወለዱ የእኛም ሰው ነበሩ፣ አባባ ተስፋዬ ሣህሉ። እሳቸው በ2017 እስኪያርፉ ድረስ ስንት ትውልድ «አባባ» ብሎ ጠርቷቸዋል። ለ40 ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩን ነው ያደግነው። ማታ ለልጅ ስታነቡ እሳቸውን አስቡ፤ ዜና አንባቢዋን አታስቡ።

አንዳንዷ እናት «ቃል በቃል መተርጎም አቃተኝ» ትለኛለች። ማን ተርጉሚ አለሽ? ሥዕሉን እያየሽ አውሪ። ብቻ ዛሬ ያልሽውን ነገ ብዙ አትለውጪው፤ ልጁ «እንደሱ አይደለም!» ብሎ ያርምሻል። እንግሊዝኛውን ደግሞ አባቱ ወይም ታላቅ እህቱ እንደተጻፈው ያንብቡለት። ልጅ ይህን አያደናግረውም፤ እማማ ስታነብ ነብሩ አማርኛ እንደሚናገር ያውቃል።

በአማርኛ የተጻፉትስ? አሉ፣ ግን አይቶ መምረጥ ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ በሻንጣ የሚመጡልን ብዙዎቹ ለሰባትና ስምንት ዓመት ልጅ የሚሆኑ ናቸው። ጽሑፉ ይበዛል፣ መጨረሻው ምክር ነው። የሁለት ዓመት ልጅ ምክሩን ምን ያደርገዋል?

በዚህ ነገር ብዙ የደከሙ አንድ ሰው አሉ። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በስደት አሜሪካ ገብተው፣ ሳን ፍራንሲስኮ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ፣ መደርደሪያው ላይ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ አጡ። እሳቸውም የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አዘጋጅተው በ2002 አሳተሙ። በ2003 አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ በኋላም ሐዋሳ ላይ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አስጀመሩ። ማሞ ቂሎ ራሱ ለአራት ዓመት ልጅ ይሻላል። ለትንንሾቹ፣ ሲያትል ያለው ኦፕን ሃርትስ ቢግ ድሪምስ የሚያወጣቸው ሬዲ ሴት ጎ የሚባሉት መጻሕፍት ይመቻሉ፤ አጫጭር ናቸው፣ አማርኛውና እንግሊዝኛው አንድ ገጽ ላይ ነው፣ በኦሮምኛና በትግርኛም አሉ። አማዞን ላይ ይሸጣሉ። አፍሪካን ስቶሪቡክ የተባለው የደቡብ አፍሪካ ፕሮጀክት ደግሞ አጫጭር የአማርኛ ታሪኮችን በነጻ በኢንተርኔት ያቀርባል። አሳትማችሁ ገጹን በፕላስቲክ ብታስለብጡት ምራቅም ሻይም ይችላል።

እኛን ያስተኙን በጅብ ነበር። «ተኛ፣ ጅቡ መጣልህ!» ይባላል፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ጥቅልል ነው። ለንደን ጅብ የለም። ቀበሮ ግን ሞልቷል፤ በብርዱ ወራት ሌሊት ጓሮ ውስጥ እንደ ሰው ልጅ ትጮኻለች። የልጅ ልጄ ድምጿን ሲሰማ ብድግ ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ አያ ጅቦን ለቀን አቆይቼዋለሁ። ጨለማ ለሚፈራ ልጅ ማርቲን ዋዴል በ1988 የጻፈው፣ እንቅልፍ እምቢ ያለው የትንሹ ድብ ታሪክ ደህና ነው። ትልቁ ድብ መብራት ላይ መብራት ያመጣለታል፤ አልሆን ሲል ውጪ ይዞት ወጥቶ ጨረቃዋን ያሳየዋል።

ለዚህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ኬንቲሽ ታውን፣ ካምደን ታውን፣ ኩዊንስ ክሬሰንት፣ ስዊስ ኮቴጅ፣ ኪንግስ ክሮስ አጠገብ ያለው ፓንክራስ ስኩዌር፣ እነዚህ የካውንስሉ ላይብረሪዎች ልጅን ከጨቅላነቱ ጀምሮ በነጻ ይመዘግባሉ። የአማርኛ መጽሐፍ ካጣችሁ ሠራተኞቹን ጠይቁ፤ የሚጠይቅ ከሌለ ማን ብሎ ያዝዛል? በ1992 በርሚንግሃም ውስጥ በ300 ቤተሰቦች የተጀመረው ቡክስታርት ደግሞ ዛሬ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ነጻ መጻሕፍት ይሰጣል። ካልደረሳችሁ ሄልዝ ቪዚተራችሁን ወይም ላይብረሪውን ጠይቁ።

ቤት የሚሠራም መጽሐፍ አለ። ስምንት ፎቶ አሳትሙ፦ አያት፣ ጀበና፣ ምጣድ፣ የራሱ ጫማ፣ በበሩ የሚያልፈው 134 አውቶቡስ፣ የጎረቤት ድመት፣ አልጋው፣ በመጨረሻ እሱ ራሱ ተኝቶ። ትንሽ አልበም ውስጥ ክተቱት። ቅርጫቴ ውስጥ ካሉት ሁሉ ልጆች መጀመሪያ የሚያነሱት እንዲህ ያለውን ነው፣ ያውም የሌላ ልጅ ፎቶ ሆኖ ሳለ።

ማታ የምንሠራ ሰዎችስ? ልጄ ተረኛ ስትሆን የነብሩን ታሪክ በስልክ በድምጿ ቀድታ ትተዋለች፤ ገጹን የምገልጠው እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ማሞ ቂሎን በቪዲዮ ትተርክለታለች። በብርዱ ወራት እዚህ ማታ 1 ሰዓት ሲሆን እዚያ 4 ሰዓት ነው፤ ለሱ ስትል እንቅልፏን ይዛ ትጠብቃለች። መሀል ላይ ኔትወርኩ ሲቆረጥ ልጁ ስልኩን በጣቱ እየነካ «ድገሚ፣ በሞቴ» ይለዋል።