አምስተኛው ወር የዝግጅት ወር ነው

በአገራችን ስለ እርግዝና የሚነገረው በሁለት ወቅት ላይ ይበዛል። አንደኛው ማቅለሽለሽና ምግብ መጥላት የሚበረታባቸው የመጀመሪያዎቹ ወሮች ናቸው፤ ሁለተኛው ምጥ የሚቃረብበት ጊዜ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ግን እናቲቱ ደኅና ስለ ሆነች ጠያቂ የለውም። ማቅለሽለሹ ይተዋታል፤ ምግብ ይስማማታል፤ ጎረቤትም ሆዷ መግፋቱን አይቶ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብሎ ያልፋል። እኛ ዛሬ ልንመለከት የፈለግነው ይህን ጸጥተኛ ወቅት ነው። እንደ ስሜን ተራሮች ባለው ዳገታም አገር ይህ ወር የዕረፍት ብቻ ሳይሆን የዝግጅት ወር መሆን አለበትና።

አጋማሹ መቼ ነው?

እርግዝና የሚቈጠረው የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ሲሆን፣ ጠቅላላ ዘመኑ 40 ሳምንት ወይም 280 ቀን ነው። የእኛ የዘመን አቈጣጠር ለዚህ ሒሳብ የተመቸ ነው። ወሮቻችን 30 ቀን ስለ ሆኑ 9 ወር ከ10 ቀን መጨመር ይበቃል። በመካከሉ ጳጉሜን ካለፈች 9 ወር ከ5 ቀን፣ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 9 ወር ከ4 ቀን ይሆናል። ለምሳሌ የመጨረሻ የወር አበባዋ መስከረም 1 ቀን የጀመረ ሴት መውለጃዋ ሰኔ 11 ቀን ነው፤ እኩሌታው፣ ማለት 20ኛው ሳምንት የሚሞላው፣ ጥር 21 ቀን ይውላል። እርግጥ ይህ ግምት ነው፤ ልጁ ሁለት ሳምንት ያህል ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል። ቢሆንም ግምት ያለው ሰው ይዘጋጃል፤ የሌለው ግን ምጡ በድንገት ይደርስበታል።

ጽንሱ በዚህ ወር

በ20ኛው ሳምንት ጽንሱ ከራሱ እስከ ተረከዙ 25 ሳንቲሜትር ያህል ይረዝማል፤ ክብደቱም 300 ግራም ገደማ ነው። የጣቶቹ ጥፍር ወጥቷል፤ ቅንድቡም መታየት ጀምሯል፤ ገላውን ለስላሳ ፀጉርና ነጭ ቅባት ሸፍኖታል። ይተኛል፤ ይነቃል፤ ጣቱን ይጠባል። ድምፅ መስማት የሚጀምረውም በዚሁ ሰሞንና በሚከተሉት ሳምንታት ነው።

ለእናቲቱ ከሁሉ የሚበልጠው የምሥራች የልጁ እንቅስቃሴ ነው። የመጀመሪያ ልጇን የያዘች ሴት ይህን የምታውቀው ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 20 ሳምንት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ከዚህ ቀደም የወለደችው ግን በ16ኛው ሳምንት እንኳ ልትለየው ትችላለች። በመጀመሪያ እንደ ሆድ መንቦጫረቅ ያለ ቀላል ነገር ነው፤ እየዋለ እያደር ግን የማያጠራጥር እርግጫ ይሆናል። አዋላጇም ሆድ ላይ በሚደገነው ማዳመጫ የልቡን ትርታ መስማት የምትችለው በዚህ ጊዜ ነው፤ እርሱም በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ይመታል።

እናቲቱ በዚህ ወር

የማሕፀኗ ጫፍ እስከ እንብርቷ ደርሷል። ከዚህ በኋላ በየሳምንቱ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ስለሚል፣ አዋላጇ በሜትር ለክታ የልጁን እድገት ትከታተላለች። የእናቲቱ ደም መጠን እየጨመረ ሄዶ በመጨረሻ ከቀድሞው በእኩሌታ ያህል ይበልጣል። ነገር ግን ከቀይ የደም ሕዋሶች ይልቅ ፈሳሹ ፈጥኖ ስለሚጨምር ደሙ ይቀጥናል፤ የብረት ፍላጎቷም ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም ብረትና 0.4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ እንድትወስድ የሚመክረው ስለዚህ ነው። ወገብ ማመም፣ ቃር፣ የሆድ ድርቀትና የእግር ቁርጥማት በዚህ ወር የተለመዱ ናቸው።

ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግን አንድ አዲስ ጠላት ሊመጣ ይችላል። እርሱም ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው፣ የደም ግፊት ከ140 በ90 ጀምሮ ከፍ የሚልበትና ብዙውን ጊዜ በሽንት ውስጥ ፕሮቲን የሚታይበት በሽታ ነው። ክፋቱ ሲጀምር የማያሳምም መሆኑ ነው። እናቲቱ «ደኅና ነኝ» እያለች ግፊቷ ሊወጣ ይችላል፤ የሚያጋልጠውም ግፊቷን መለካት ብቻ ነው። ቸል ከተባለ አንቀጥቅጦ እስከ መጣል ይደርሳል። እንግዲህ ጸጥተኛው ወር እንዳያታልለን የምንለው ስለዚህ ነው።

የጊች መንገድ

ይህን ሁሉ ወደ ስሜን ወስደን እንየው። ጊች ከባሕር ወለል በላይ 3600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የነበረች መንደር ናት። በዚያ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ብቻ ነው። በኮሎራዶና በደቡብ አሜሪካ ተራሮች የተደረጉ ጥናቶች፣ ከፍታው አንድ ሺሕ ሜትር በጨመረ ቍጥር የሕፃናቱ የልደት ክብደት በአማካይ 100 ግራም ያህል እንደሚቀንስ፣ ፕሪኤክላምፕሲያም እንደሚበዛ አሳይተዋል። በደጋ ላይ ብዙ ትውልድ የኖሩ ሕዝቦች ግን የተሻለ ይቋቋሙታል። በስሜን ተራሮች በ3530 ሜትር ላይ በሚኖሩ ሰዎች ተደርጎ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2002 የታተመ ጥናት፣ ሄሞግሎቢናቸውም ሆነ በደማቸው ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ከቈላ ሰው እምብዛም እንደማይለይ አስረድቷል። ይህ የሚያስደንቅ ጸጋ ነው፤ ነገር ግን ግፊት መለካትን አያስቀርም፤ መንገድንም አያሳጥርም።

መንገዱስ? ከጊች ወደ ሳንቃበር በእግር የጅንባርን ወንዝ ተሻግሮ የግማሽ ቀን ጉዞ ነው። ደባርቅ ከዚያም ያልፋል። ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ በዚያ ዳገትና ቍልቍለት መውረድ ምን እንደሚመስል መገመት አያስቸግርም። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ከ400 የሚበልጡ የጊች አባወራዎች ከብሔራዊ ፓርኩ ወጥተው በደባርቅ ከተማ ሰፈሩ። ርስትንና ግጦሽን ትቶ መሄድ ያስከተለው ጣጣ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ለነፍሰ ጡሯ ግን ሆስፒታሉ ቀርቧል። ሆኖም ከደባርቅና ከዳባት በላይ ባሉት ተራሮችና ከሥራቸው ባሉት ሸለቆዎች መንገዳቸው እንደ ጥንቱ የሆነ እናቶች ዛሬም ብዙ ናቸው።

በአምስተኛው ወር ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው መመሪያ በእርግዝና ዘመን 8 ጊዜ መታየት የሚገባ ሲሆን ሁለተኛው በ20ኛው ሳምንት ነው። አልትራሳውንድም ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ ቢነሣ መንታ መሆኑንና የልጁን ዕድሜ ይገልጣል። ግፊት፣ ደምና ሽንት ይመረመራሉ፤ የመንጋጋ ቈልፍ ክትባትም ይሰጣል። ነፍሰ ጡር ገና ጐልበቷ ሳለ ይህን መንገድ በእግሯም ሆነ በበቅሎ ልትችለው ትችላለች፤ በዘጠነኛው ወር ግን ይከብዳታል።

ሁለተኛ፣ ምግብ ነው። የደጋው ገብስ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ባቄላ፣ ምስር፣ ጎመን፣ እንቍላልና ወተት ይታከሉበት። የጨው አዮዲን ለልጁ አእምሮ እጅግ ያስፈልጋል፤ እንዳይተንም ጨውን ከድኖ ማስቀመጥና ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመር ይሻላል። ጠላና አረቄ ይቅር። በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም ነፍሰ ጡር የሃይማኖት አባቷን ብታማክር ነውር አይደለም።

ሦስተኛ፣ የወሊዱን ጉዳይ መወሰን ነው። የት ትወልዳለች? ማን ያደርሳታል? ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ቤትና ከብትስ ማን ይጠብቃል? ቤቷ ሩቅ ከሆነ፣ ቀኗ ሳይደርስ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቀድማ በጤና ጣቢያ አጠገብ በሚገኘው የእናቶች ማቆያ ብትቀመጥ ቃሬዛው አያስፈልግም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ለዚህም ይሠራል።

አራተኛ፣ ቀን የማይሰጡትን ምልክቶች ቤተ ሰቡ ሁሉ ይወቅ። እነርሱም የደም መፍሰስ፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን መደብዘዝ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ትኵሳት፣ የእንሽርት ውሃ መፍሰስ፣ እንዲሁም ይንቀሳቀስ የነበረው ልጅ ጸጥ ማለት ናቸው። ከነዚህ አንዱ ቢታይ ጧት እስኪነጋ አይጠበቅም።

ስለ ወጣቶች

ይህን ጽሑፍ የሚያነቡት አብዛኛዎቹ ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። «የሴቶች ጉዳይ ነው» ብለን እንዳናልፈው እንለምናለን። በ2000 ከተደረገው አገራዊ ጥናት እስከ 2016ቱ ድረስ፣ በ100,000 ሕያው ልደት የሚሞቱት እናቶች ግምት ከ871 ወደ 412 ወርዷል፤ ነገር ግን በዚያው በ2016ቱ ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወሮች ምርመራ የጀመሩት ከመቶ 20 ብቻ ነበሩ። በገጠር የተመደበ መምህር፣ ለበዓል ወደ ቤቱ የሚመለስ ተማሪ፣ እኅቱን ወይም የጎረቤቱን ሚስት ቀኗን ሊቈጥርላት፣ ባሏንም «በቅሎው ለመቼ ተዘጋጀ?» ብሎ ሊጠይቀው ይችላል። ይህ ዲፕሎማ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አምስተኛው ወር ሳያልፍ ማሰብን ነው።