ጦስኝ በማር
የመርካቶን ቅመም ተራ ዓይንን ጨፍኖም መለየት ይቻላል። በርበሬው ያስነጥሳል፣ ኮረሪማው ያውዳል፤ በመካከላቸው ደግሞ ደጋ ደጋ የሚል ሽታ ብቅ ይላል። ጦስኝ ነው። የደቀቀው ግራጫ ቅጠል አፉ በተከፈተ ጆንያ ውስጥ ሆኖ ገዢውን ይጠብቃል። አብዛኛው ሰው ለሻይ ይገዛዋል። እኔ ግን ክረምት ሲገባ የምፈልገው ለሌላ ነው፤ ከማር ጋር ሆኖ ጥሩ የሳል ሽሮፕ ይወጣዋል።

ጦስኝ ከመሬት ብዙም ቀና የማይል ቁጥቋጦ ነው። በመንዝ፣ በጣርማ በር፣ በስሜንና በባሌ ተራሮች፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 እስከ 4,000 ሜትር ገደማ ይበቅላል። አንደኛው ዝርያ በሳይንሳዊ ስሙ ታይመስ ሺምፔሪ ይባላል። መጠሪያው የተወሰደው በአገራችን ለብዙ ዓመታት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1878 ዓድዋ ላይ ከሞተው ጀርመናዊ ዕፅዋት ሰብሳቢ፣ ከዊልሄልም ሺምፐር ነው። አውሮፓውያን ለሳል የሚጠቀሙበት ተክል የጦስኛችን የቅርብ ዘመድ ነው።

እነሱ ከለጋ የጥድ ቀንበጥም በስኳር ወይም በማር ሽሮፕ ያዘጋጃሉ። ይህን የሰማ ሰው ግን የግቢውን ጥድ እንዳይቆርጥ እለምናለሁ። እኛ የሐበሻ ጥድና የፈረንጅ ጥድ የምንላቸው ዛፎች ከዚያኛው ጋር አንድ ቤተሰብ አይደሉም።

ጦስኝ ሲገዙ ቆንጠር አድርገው በመዳፍዎ ይሹትና ያሽትቱ። ሽታው ወዲያው አፍንጫን ካልነካ ብዙ ቆይቷል ማለት ነው። ሥር ካዩበት ደግሞ ተክሉ የታጨደ ሳይሆን የተነቀለ ነው፤ የተነቀለ ተክል ለከርሞ አያቆጠቁጥም። እንዲህ ያለውን አለመግዛት ለደጋው ውለታ መዋል ነው። ማሩን ከሚያምኑት ደንበኛ ይውሰዱ። ማር ስለረጋ ብቻ ስኳር ተቀላቅሎበታል ማለት አይደለም፤ ንጹሕ ማርም ይረጋል። በክብሪት መፈተንም አያስተማምንም።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ አንድ ነገር ግን አይዘንጋ፦ ክዳን። የጦስኝ ኃይል ቲሞልና ካርቫክሮል በሚባሉ ውህዶች ውስጥ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ከእንፋሎት ጋር ይበናሉ። ቤቱ በጦስኝ ሽታ ሲታወድ ደስ ይላል እንጂ፣ የሸተተን ያህል ከድስቱ ጎድሏል። አንድ ብርጭቆ ውሃ አፍልተው ከእሳት ያውርዱ፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጦስኝ ጨምረው ወዲያው ይክደኑ። ሃያ ደቂቃ ያህል ይቆይ። ክዳኑ ሥር የተጠራቀመውን ጠብታ ወደ ድስቱ ይመልሱት። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ያጥልሉና ለብ ሲል ግማሽ ብርጭቆውን ከአንድ ተኩል ብርጭቆ ማር ጋር ያማስሉ። ማሩ እሳት ላይ አይውጣ፤ መዓዛው ይጠፋል። የተረፈው ውሃ ለሻይ ይሆናል።

ሳል ሲይዝ አንድ ማንኪያ እንዲሁ ይወሰዳል፣ ወይም ለብ ባለ ውሃ ይበጠበጣል። ማር የልጆችን የሌሊት ሳል እንደሚያስታግስ ጥናቶች አሳይተዋል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ጨርሶ አይሰጥም፤ ማር ውስጥ የሚገኝ የባክቴሪያ ዘር ለከባድ መመረዝ ሊዳርገው ይችላል። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ ትኩሳት ወይም የትንፋሽ መቆራረጥ ያለበት ሰው ሽሮፕ እየላሰ አይቆይ፤ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ማር ብቻውን ዓመታት ይቀመጣል፤ ውሃው ጥቂት ስለሆነ እርሾ አይነሣበትም። ውሃ ስንጨምርበት ግን ወደ ብርዝ እናስጠጋዋለን፣ ብርዝ ደግሞ ሰንብቶ ጠጅ መሆን ያውቅበታል። ስለዚህ ሽሮፑን በደረቅ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጦ በሁለት ሳምንት መጨረስ ነው። ክዳኑ ሲከፈት ፍስስ ካለና አረፋ ካወጣ መፍላት ጀምሯልና ለልጅ አይስጡት።